የትንሿ ብስክሌት ጀግኖችና ከውጭ የመጣው ገንዘብ

ቢኤምኤክስ የሚባለው የብስክሌት ስፖርት የተወለደው በአሜሪካ ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሞተር ብስክሌት ለመንዳት በሚመኙ፣ ነገር ግን ዕድሜያቸውም ኪሳቸውም በማይፈቅድላቸው ልጆች መካከል ነው። ሽዊን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 (ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስቲንግሬይ የሚባል የልጆች ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። ጎማው 20 ኢንች ብቻ ነው፤ መሪው ወደ ላይ የተቀሰረ፣ መቀመጫው የረዘመ ነው። ልጆቹ በዚህ ብስክሌት ባዶ መሬት ላይ ጉብታ እየሠሩ፣ የሞተረኞቹን የአቧራ ላይ ሽቅድምድም መኮረጅ ያዙ። በ1969 በሳንታ ሞኒካ ፓልምስ ፓርክ፣ የመናፈሻው ሠራተኛ የነበረው ሮን ማክለር እነዚህን ልጆች ሰብስቦ በሥርዓት አወዳደራቸው። በዓመቱ ስኮት ብራይትሃፕት የተባለ፣ እሱ ራሱ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ልጅ፣ በሎንግ ቢች የራሱን ውድድር ጀመረ። የስፖርቱ ታሪክ ጸሐፊዎች መነሻ አድርገው የሚጠቅሷቸው እነዚህን ሁለት ሜዳዎች ነው።

ከሰፈር ወጥቶ በሀገር ለመታወቅ ግን ቢኤምኤክስ ገና ከጅምሩ የሌላ ሰው ትከሻ አስፈልጎታል። ብሩስ ብራውን በ1971 ያወጣው «ኦን ኤኒ ሰንደይ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ስለ ሞተር ብስክሌት የተሠራ ነው፤ መክፈቻው ላይ ግን በስቲንግሬይ አቧራ የሚያስነሱ ልጆች ይታያሉ። ያንን ጥቂት ደቂቃ ያየ የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ጓሮው ወጣ። የመጀመሪያው ትልቅ ገንዘብም የመጣው ከሞተር ሠሪ ነው። ያማሃ በ1974 ስሙን የያዘ የወርቅ ዋንጫ ውድድር አዘጋጀ፤ ፍጻሜው የተካሄደው በሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም፣ የ1932 ኦሊምፒክ በተስተናገደበት ስታዲየም ነበር።

ከሙያው ውጭ ያለ ነጋዴ ለብስክሌተኛ መክፈሉ አዲስ ነገር አልነበረም። በአውሮፓ የጎዳና ውድድር ቡድኖችን ለረጅም ዘመን ሲያስተዳድሩ የኖሩት ብስክሌትና ጎማ አምራቾች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሕዝቡ ወደ ቬስፓና ወደ መኪና ሲያዘነብል የአምራቾቹ ገቢ ነጠፈ። በዚህ ጊዜ ጣሊያናዊው ብስክሌተኛ ፊዮሬንዞ ማኒ በ1954 የኒቪያን ቅባት አምራች አሳምኖ፣ ስሙን በቡድኑ ማልያ ላይ አጻፈ። የውድድር አዘጋጆች ተቆጡ፤ ስፖርቱ የቅባት ማስታወቂያ ሆነ ተባለ። ይሁንና በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቡና ማሽን፣ የማቀዝቀዣና የመጠጥ ፋብሪካዎች ተከታትለው ገቡ። ዛሬ በዓለም ትልልቅ ቡድኖች ስም ውስጥ ብስክሌት አምራች ቢኖር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ከሌላ ድርጅት ቀጥሎ ነው። ቢኤምኤክስም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል፤ ልዩነቱ የአውሮፓው ጎዳና በግማሽ ምዕተ ዓመት የሄደበትን እሱ በሃያ ዓመት መጨረሱ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞንጉስ፣ ሬድላይንና ጂቲ የተባሉ ፋብሪካዎች ለዚሁ ስፖርት ብቻ የሚሆን ጠንካራ ብስክሌት ይሠሩ ነበር። ከፋብሪካ ጋር የተዋዋለ ወጣት ብስክሌት፣ ማልያና የጉዞ ወጪ ያገኛል፤ ሲቀናውም ደሞዝ። ገዢውም ሻጩም፣ መጽሔቱን የሚያነበውም ያው አንድ ማኅበረሰብ ነውና ገንዘቡ ከዚያ አያልፍም። ስቱ ቶምሰን፣ በዘመኑ ከሁሉ የገነነው ተወዳዳሪ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሬድላይንን ትቶ ሃፊ ለተባለው ኩባንያ ፈረመ። ሃፊ ብስክሌቱን የሚሸጠው በትልልቅ የሸቀጥ መደብሮች፣ ለማንኛውም ቤተሰብ ነው። በሙያው ውስጥ ላሉት ይህ እንደ መኮብለል ተቆጠረ። ከቶምሰን በኩል ሲታይ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእሽቅድምድም ሰው ጉልበቱ የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ነውና ስሙን በውድ የሚገዛው ካለ ወደዚያ መሄዱ አያስወቅሰውም።

ሰፊው ሕዝብ ቢኤምኤክስን ያወቀው ግን በእሽቅድምድም አይደለም። ቦብ ሃሮ የተባለ የካሊፎርኒያ ወጣት ሠዓሊ ነበር፤ ለውድድር ብስክሌቶች የቁጥር ሰሌዳ እየሠራ ይሸጥ፣ ለሙያው መጽሔትም ይስል ነበር። በስኬትቦርድ ገንዳዎች ውስጥ በብስክሌት መውጣትና መውረድ፣ በአንድ ጎማ መቆም፣ በአየር ላይ መዞር ሲጀምር ፍሪስታይል የሚባለው ዘርፍ ተወለደ። ይህ ዘርፍ የፍጻሜ መስመር አያስፈልገውም። በገበያ ማዕከል የመኪና ማቆሚያ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በውድድር ዕረፍት ሰዓት ሊታይ ይችላል። ተመልካቹም ደንብ ማወቅ ሳይጠበቅበት ይደነቃል። ስለዚህ ካሜራውም ነጋዴውም ከእሽቅድምድሙ ይልቅ ወደዚህ አዘነበሉ።

በ1982 ስቲቨን ስፒልበርግ በሠራው «ኢ.ቲ.» ፊልም ልጆች ከፖሊስ የሚያመልጡት በኩዋሃራ ብስክሌት ነው፤ ኩዋሃራ የጃፓን ፋብሪካ ነው። ከአደገኞቹ ትዕይንቶች ጀርባ ከነበሩት ብስክሌተኞች አንዱ ቦብ ሃሮ ነበር። ፊልሙን የዓለም ሕዝብ ተመለከተው፤ የሃሮን ፊት ግን ማንም አላየም። በ1983 አውስትራሊያ ውስጥ «ቢኤምኤክስ ባንዲትስ» ተሠራ፤ ከዋና ተዋናዮቹ አንዷ ገና ወጣት የነበረችው ኒኮል ኪድማን ናት። በ1986 በወጣው «ራድ» ደግሞ እንደ ኤዲ ፊዮላ ያሉ ስመ ጥር ብስክሌተኞች ለተዋናዩ ተተክተው ዘለሉ። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ሳይቀናው ቀርቶ በቪዲዮ ካሴት ተወዳጅ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት የሆነውን በአንድ ቃል መጠቅለል ይቻላል፤ ጥበቡ ከሙያው ወጥቶ ዝነኛ ሲሆን ጥበበኛው ስሙ ሳይነሳ ቀረ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያው ተንኮታኮተ። ወላጆች የተራራ ብስክሌት፣ ልጆች ስኬትቦርድ መግዛት ጀመሩ። ፋብሪካዎች ቡድኖቻቸውን በተኑ፤ መጽሔቶች ተዘጉ። በዚያ መፍረስ ውስጥ አንዳንዱ ወደ ሌላ ሙያ ተሰደደ። «ፍሪስታይሊን» በተባለው መጽሔት ወጣት ፎቶ አንሺ የነበረው ስፓይክ ጆንዝ ወደ ስኬትቦርድ ቪዲዮ፣ ከዚያም ወደ ፊልም ተሻግሮ በ2014 በድርሰት ኦስካር አገኘ። ከቢኤምኤክስ ከወጡት ሁሉ ከሱ በላይ በዓለም የታወቀ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ የታወቀው ግን ብስክሌቱን ካቆመ በኋላ ነው።

ብስክሌቱን ሳያቆም ለመታወቅ የበቃው ማት ሆፍማን ነው። የኦክላሆማ ልጅ ነው፤ በ1972 ተወለደ። ገና 17 ዓመቱ ሳለ፣ በ1989 በካናዳ በተካሄደ ውድድር፣ በአየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል ዞሮ በማረፍ ማንም ያልሠራውን ሠራ። ገበያው ሲሞት ቤቱ አልገባም። በ1991 የራሱን የብስክሌት ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1992 ደግሞ ሌላው ሁሉ የተወውን ውድድር በራሱ ገንዘብ ከከተማ ከተማ እያዞረ ማዘጋጀት ጀመረ። በ1993 ቁመቱ 21 ጫማ የሆነ መወጣጫ አሠርቶ፣ በሞተር ብስክሌት እየተጎተተ ወደ ሰማይ ተወነጨፈ፤ ሲወድቅ ጣፊያው ፈንድቶ ለጥቂት ከሞት ተረፈ። ዝና የሚባለው ነገር በዚህ ስፖርት ውስጥ ዋጋው ምን እንደሆነ ሆፍማን ከማንም በፊት በሥጋው አሳይቷል።

በ1995 ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ቴሌቪዥን በሮድ አይላንድ ግዛት ኤክስትሪም ጌምስ የሚል ትልቅ ዝግጅት አቀረበ፤ በኋላ ኤክስ ጌምስ የተባለው ነው። ጣቢያው የብስክሌቱን ክፍል የሚያዘጋጅለት ሲፈልግ ወደ ሆፍማን ሄደ፤ በሀገሩ ውስጥ ያ ሥራ ያልሞተበት ሰው እሱ ነበርና። ከዚህ በኋላ ስፖንሰር ማለት የብስክሌት ፋብሪካ መሆኑ ቀረ። የለስላሳ መጠጥ፣ የጫማ፣ የስልክና የመኪና ኩባንያዎች ስማቸውን በመወጣጫዎቹ ላይ ለጠፉ። ቀጥሎም የኃይል ሰጪ መጠጥ ሻጮች የብስክሌተኛውን ራስ ቁር ራሱን የማስታወቂያ ሰሌዳ አደረጉት።

ከዚህ ዘመን ከሁሉ በላይ ያተረፈው ዴቭ ሚራ ነው። በ1974 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልዶ በኋላ ግሪንቪል፣ ሰሜን ካሮላይና ኖረ። በኤክስ ጌምስ 24 ሜዳሊያ ሰበሰበ፤ ከእነዚህ 14ቱ ወርቅ ናቸው። በ2000 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በውድድር ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ በማረፍ የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ዓመት በስሙ የኮምፒውተር ጨዋታ ወጣ፤ በዓመቱ የሆፍማንም ተከተለ። ብስክሌት ነክቶ የማያውቅ ልጅ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሚራን እየነዳ አደገ። ስሊም ጂም የተባለው የደረቅ ሥጋ አምራች ከስፖንሰሮቹ አንዱ ነበር። ኤምቲቪ የተባለው ቴሌቪዥን የውድድር ትርኢቱን እንዲመራ ቀጠረው፤ ከዚያ ወደ ራሊ መኪና ተሻግሮ ለሱባሩ ነዳ። እሱ ከለቀቀ በኋላ በ2005 ያንኑ የኤምቲቪ ትርኢት የተረከበው ሌላው ቢኤምኤክሰኛ ቲ.ጄ. ላቪን ነው። ዛሬ ላቪንን የሚያውቁት አብዛኞቹ ተመልካቾች በብስክሌት ስንት ሜዳሊያ እንዳገኘ ሳይሆን በቴሌቪዥን ስንት ሰው እንዳሰናበተ ነው የሚያስታውሱት።

ይህ ሁሉ በሙያው ውስጥ ቅሬታ ማስነሳቱ አልቀረም። ክሪስ ሞለር ኤስ ኤንድ ኤም የተባለውን ፋብሪካ በ1987 ሲጀምር፣ ኋላም ጆ ሪችና ታጅ ሚሄሊች በ1998 ቴሪብል ዋንን ሲያቋቁሙ፣ ሐሳቡ ብስክሌቱን የሚሠራው የሚነዳው ሰው ራሱ ይሁን የሚል ነበር። ለነዚህ ሰዎች ጎዳናና ጓሮ እውነተኛው ቢኤምኤክስ ነው፤ ስታዲየሙ ሶዳ መሸጫ ነው። ክርክራቸው መሠረት ነበረው። ከውጭ የመጣ ገንዘብ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ በ2005 የተጀመረው፣ ዲው ቱር የተባለው የውድድር ዝግጅት ውሎ አድሮ ብስክሌትን ከፕሮግራሙ አወጣ፤ ኤክስ ጌምስም በ2022 ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ። የሚቀረው የራሱ የብስክሌተኛው ፋብሪካ ነው። ነገር ግን ያ ፋብሪካ ራሱ በቴሌቪዥን ብስክሌት ባዩ ልጆች ገንዘብ እንደቆመ መካድ ትክክል አይደለም። ሆፍማን ወደ ቴሌቪዥን ባይሄድ ኖሮ ጓሮው ሊቆይ ይችል ነበር፤ መወጣጫው ግን አይታደስም ነበር።

ከገንዘቡ ክርክር በላይ የሚከብደው የሰውነት ዋጋ ነው። ካሜራው ትናንት ያየውን ዛሬ አይፈልግም፤ ስፖንሰሩም የሚከፍለው ለአዲሱ ነው። እንግሊዛዊው ስቲቨን መሪ በሰኔ 2007 ባልቲሞር ላይ በተካሄደ የዲው ቱር ውድድር ሁለት ጊዜ ለመገልበጥ ሲሞክር ወድቆ አካሉ ሽባ ሆነ። ላቪን በጥቅምት 2010 ላስ ቬጋስ ላይ ወድቆ ለቀናት ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ዴቭ ሚራ በየካቲት 2016፣ በ41 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። አንጎሉ ሲመረመር ተደጋጋሚ ግጭት የሚያስከትለው፣ ቀድሞ በቦክሰኞችና በአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ዘንድ የሚታወቀው የአንጎል ሕመም ተገኘበት፤ ከእንዲህ ያለ ስፖርት ይህ በሐኪም የተረጋገጠበት የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ስለ ቢኤምኤክስ ዝና የሚጻፍ ታሪክ ይህንን ወደ ግርጌ ሊገፋው አይገባም።

የኋለኛው ትውልድ መንገዱን ቀየረ። ናይጀል ሲልቬስተር የኒው ዮርክ ኩዊንስ ልጅ ነው። ውድድር ላይ ሜዳሊያ አላሳደደም፤ በከተማ መሀል ሲነዳ ካሜራውን ከራሱ ላይ አስሮ የሚሠራቸውን አጫጭር ፊልሞች በኢንተርኔት ለቀቀ። አንዱን የቀረጸው ዱባይ ላይ ነው። በ2018 ኤር ጆርዳን የተባለው ጫማ በስሙ ወጣ። ሲልቬስተር በጫማ፣ በልብስና በሙዚቃ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው ከቢኤምኤክስ ሰዎች እኩል ነው። ዳኛም የቴሌቪዥን ጣቢያም ሳይፈልግ ሰፊው ሕዝብ ዘንድ መድረሱ ከሚራ ዘመን ትልቁ ልዩነት ነው።

ሌላው በር መንግሥት ነው። እሽቅድምድሙ በ2008 ቤጂንግ፣ ፍሪስታይሉ ደግሞ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ገባ። የሜዳሊያ ተስፋ ያለው ብስክሌተኛ ከዚህ ወዲያ ከሀገሩ በጀት ሊደጎም ይችላል፤ ካልተመረጠ ግን ይቀራል። ብሪታንያ ከሪዮ ኦሊምፒክ በኋላ በእሽቅድምድሙ የምትደጉመው ወንዶችን ብቻ ነበር። ቤዛኒ ሽራይቨር በረዳት መምህርነት እየሠራች፣ 50,000 ፓውንድ ከሕዝብ አሰባስባ ማጣሪያውን ተወዳደረች፤ ቶኪዮ ላይ ወርቅ ወሰደች። በፍሪስታይሉ ወርቅ ያገኘችው የሀገሯ ልጅ ሻርለት ወርቲንግተንም ቀድሞ በምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች። ሽራይቨር የሀገር ጀግና የሆነችው ደጓሚዎቹ ሊያወጡላት ያልፈለጉትን ገንዘብ በሌላ መንገድ ፈልጋ ነው።

በቅርቡ ደግሞ የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ወደ ብስክሌት ገበያ ገብተዋል። ላምፕሬ ሜሪዳ የተባለው የጣሊያን የጎዳና ቡድን በ2017 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እጅ ገባ፤ በዚያው ዓመት ባሕሬን የራሷን ቡድን አቋቋመች፤ የሳዑዲዋ አል ኡላ ደግሞ በአውስትራሊያ ቡድን ማልያ ላይ ስሟን አጻፈች። በኅዳር 2022 የከተማ ብስክሌት ስፖርቶች የዓለም ሻምፒዮና፣ የቢኤምኤክስ ፍሪስታይልን ጨምሮ፣ አቡ ዳቢ ላይ ተካሄደ።  ከባሕረ ሰላጤው የሚወጣው ገንዘብ የዓለምን ታላላቅ ብስክሌተኞች ያሠማራል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በጎዳና ብስክሌት በኩል ነው። ሀገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ያለበት ቡድን በጎዳና ውድድር ዘጠነኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሯጮቹ ዓለምን ሲያዳርሱ ብስክሌቱ በክለብና በክልል ውድድር ተወሰነ። ከዚህ ወሰን ወጥቶ በዓለም ገበያ ስሙን የሸጠው የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ነው። በ1991 ተወለደ፤ ኤምቲኤን ኩቤካ በተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን በኩል ወጣ። የቡድኑ ዋና ስፖንሰር የስልክ ኩባንያ ነበር። በ2015 ወደ ላምፕሬ ሜሪዳ ተሻገረ፤ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2017 የባሕሬንን ማልያ ለበሰ፤ ኋላም ለአሜሪካና ለአውስትራሊያ ቡድኖች ነዳ። ከማልያው ላይ የተነበቡት ስሞች የስልክ፣ የብረት፣ የብስክሌትና የባሕረ ሰላጤ መንግሥት ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ድርጅት ግን አንድም አልነበረም። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለሀገሯ ተሰለፈች፤ እየሩ ገብሩ ደግሞ በ2024 በፓሪስ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው።

በትንሿ ብስክሌትና በስኬትቦርድ በኩል ያለው ነገር ገና ለጋ ነው። በ2016 አዲስ አበባ ላይ የስኬት ሜዳ ተሠርቷል፤ የሠሩትም የሀገር ውስጥ ወጣቶችና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በባሕር ዳር ሜዳማ ጎዳናዎች ብስክሌት የማያውቅ ልጅ ማግኘት ይከብዳል፤ በሐዋሳም እንዲሁ። በሎንግ ቢችና በሳንታ ሞኒካ ስፖርቱን የፈጠሩት ልጆች ከነዚህ የተለየ ነገር በእጃቸው አልነበረም፤ አነስተኛ ብስክሌትና ባዶ መሬት ብቻ ነበራቸው።

የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሕዝብ ያለበትን ያውቃሉ። በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ የነዳጅና የመጠጥ ኩባንያዎችን ስም ተሸክሞ አድጓል፤ እግር ኳሱም የአልኮል ማስታወቂያ በ2019 በሕግ እስኪገደብ ድረስ በቢራ ፋብሪካዎች ገንዘብ ሲደጎም ኖሯል። ለአንድ የእግር ኳስ ክለብ ከሚወጣው ትንሽ ክፋይ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ባዶ መሬት ላይ የአፈር ሜዳ ያሠራል፤ ለጥቂት ልጆች የራስ ቁርና ሐኪም ያቀርባል። ባንኩም፣ የስልክ ድርጅቱም፣ የውሃ ፋብሪካውም ይህን ያስቡበት፤ ሲያስቡበት ደግሞ የራስ ቁሩና ሐኪሙ ከማልያው ይቅደሙ።